«ዩፎ አየሁ» የተባለው ብርሃን ምን እንደነበር በሥነ ፈለክ ማጣራት፦ ደረጃ በደረጃ

«ዩፎ (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ነው» የተባለ ቪዲዮ ይደርሰኛል። ጨለማ ውስጥ አንድ ነጭ ነጥብ ይንቀጠቀጣል። ከጀርባ «እየው! እየው! ወደኛ እየመጣ ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ አለ። ቀን የለም፣ ሰዓት የለም፣ አቅጣጫ የለም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ እኔም ሆንኩ ማንኛውም የሥነ ፈለክ ባለሙያ መልስ መስጠት አንችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያይ አይደለም። ብርሃኑ በእርግጥ እዚያ ነበር። ስህተቱ የሚመጣው መቼና በየት በኩል እንደታየ ሳይያዝ «ምንድን ነው?» ወደሚለው ሲዘለል ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። አንዱን ዘላችሁ ወደ አፕ ከሄዳችሁ የምታገኙት መልስ የተሳሳተ ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየምን ጫኑ። ነፃው ይበቃል። የየትኛውንም ቀንና ሰዓት ሰማይ መልሶ ያሳያችኋል። ለሳተላይት ሄቨንስ አባቭን፣ ለአውሮፕላን ፍላይትራዳር24ን ተጠቀሙ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባይኖክዮላር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁም ሥራው አይቆምም።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ወደማታውቁት ብርሃን ሌዘር አታብሩ፤ አውሮፕላን ከሆነ አብራሪውን ልታሳውሩት ትችላላችሁ። መኪና እየነዳችሁ ሰማይ አትመልከቱ፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። በቀን ከፀሐይ አጠገብ ታየ የተባለን ነገር በባይኖክዮላር አትፈልጉ፤ ዓይናችሁን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምስክሩን አድምጡ፣ ከዚያ ጠይቁ

መጀመሪያ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያዩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገሩ። አታቋርጡ። «ቬነስ ትሆናለች» ብላችሁ አትጀምሩ። ፍንጭ ከሰጣችሁ ትዝታቸው ወደ ፍንጩ ይጎተታል። «አልተሳሳቱም?» የሚለውንም ተዉት፤ የተሰደበ ሰው ዝርዝሩን ይደብቃል።

ተርከው ሲጨርሱ እነዚህን ብቻ ጠይቁ፦

1. መቼ ጀመረ? መቼ ጠፋ?
2. እርስዎ የት ቆመው ነበር? ፊትዎ ወደየት ነበር?
3. ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር?
4. ቆሞ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር? ከየት ወደየት?
5. ብርሃኑ ይበራና ይጠፋ ነበር ወይስ ሳያቋርጥ ይበራ ነበር?
6. እንዴት ጠፋ? ድንገት፣ ቀስ በቀስ፣ ወይስ ከተራራ ጀርባ ገብቶ?

«ስንት ሜትር ይሆናል?» ወይም «ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጨለማ ውስጥ ያለ ነጥብ ርቀቱ ካልታወቀ መጠኑ አይታወቅም። ምስክሩ በራሱ «የቤት ያህል ነበር» ካለ ጻፉት፣ ግን ለማጣሪያ አትጠቀሙበት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1968 ምሽት የሶቪየት ኅብረቱ የዞንድ 4 የጠፈር ተልዕኮ ስብርባሪ አሜሪካ ሰማይ ላይ እየነደደ አለፈ። ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ ያዩት የሚነዱ ነጥቦችን አልነበረም። በርቶ የሚታይ መስኮት ያለው እንደ ሲጋራ የረዘመ መርከብ ነበር ያዩት። አልዋሹም። አእምሮ በተናጠል በሚሄዱ መብራቶች መካከል ያለውን ጨለማ በራሱ ሞልቶ አንድ አካል ያደርገዋል። «ሦስት መብራት ያለው ጥቁር ነገር» ሲሏችሁ መብራቶቹን መዝግቡ፤ ጥቁሩን ነገር ግን በጥርጣሬ ያዙት።

*ምስክሩ ሰዓቱን ካላስታወሰ፦* የስልኩን የጥሪ መዝገብ ይክፈት። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ወዲያው ለአንድ ሰው ይደውላል። ደቂቃው እዚያ ተጽፏል። ካልደወለ የአዛን ድምፅ፣ የማታ ዜና፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት ያስታውሰው እንደሆነ ጠይቁት።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ቀኑን ቀይሩ

እኔ ካየኋቸው ያልተሳኩ ማጣራቶች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የተበላሹት። አፖቹ የሚሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ነው። ምስክሩ የሚናገረው በእኛ ነው።

- ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት፦ 18 ደምሩ። ከምሽቱ 1:30 ማለት 19:30 ነው።
- ከሌሊቱ 6 ሰዓት፦ 0:00 ነው። ቀኑም እዚህ ላይ ይለወጣል።
- ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ሰዓት፦ 6 ቀንሱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለት 5:00 ነው።

«ሰኞ ሌሊት» የሚለው ቃል ወጥመድ ነው። ሰኞ አምሽቶ የመጣው ሌሊት ነው ወይስ እሑድ አድሮ ሰኞ የነጋበት? «ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ጥርት ያለ መልስ ታገኛላችሁ።

ቀኑን ስትቀይሩ ዓመቱን አትርሱ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2025 ነው። አፑ ውስጥ ቦታውንም አስገቡ። ቪዲዮው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የተላከ ከሆነ የዚያን ከተማ ሰዓት ተጠቀሙ። አዲስ አበባና ሪያድ አንድ ሰዓት ናቸው፣ ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ደረጃ 3፦ አቅጣጫውን ያዙ

«በዚያ በኩል» አቅጣጫ አይደለም። የስልክ ኮምፓስም ብረት ባለበት፣ መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ሥር ይዋሻል። ሰው በአካባቢው የሚያውቀውን ምልክት ተጠቀሙ።

ፀሐይ የገባችበት ምዕራብ ነው። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ፈቀቅ እንደምትል አስቡ። በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቤተልሔሙ (የቁርባን ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት) በስተምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባ መካ በስተሰሜን ስለሆነች የመስጊድ ሚህራብ (የስግደት አቅጣጫ ማሳያው) ወደ ሰሜን ያመለክታል። ለናይልሳት የተተከለ ዲሽ ወደ ምዕራብ ያያል። ምስክሩ «ከዲሹ በላይ ነበር» ካለ ጥሩ መረጃ ነው።

*ከተቻለ፦* ምስክሩ በቀን ወደቆመበት ቦታ ይመለስና በጣቱ ያሳይ። ፎቶ አንሱት። ከዚያ ቦታውን ካርታ ላይ አውጥታችሁ ጣቱ ወደየት እንደሚያመለክት አስምሩ።

ደረጃ 4፦ ከፍታውን በእጅ ለኩ

ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ትሸፍናለች። የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ነው። ከአድማስ ተነስታችሁ ብርሃኑ ጋ እስክትደርሱ ስንት ጭብጥ እንደሆነ ቁጠሩ። አናት 9 ጭብጥ ነው።

ሰው ከፍታን አብዝቶ ይናገራል። 40 ወይም 50 ዲግሪ ላይ ያለውን «አናቴ ላይ» ይለዋል። ስለዚህ ቃሉን አትመኑ። «ሲያዩት አንገትዎን ወደኋላ አጥፈው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላጠፉ አናት ላይ አልነበረም።

ደረጃ 5፦ በቆይታው ለዩት

አሁን አፕ ሳትከፍቱ ግማሹን መንገድ ትሄዳላችሁ። ከቅርጽና ከቀለም ይልቅ የሚታመነው ቆይታው ነው።

*ከ1 እስከ 10 ሰከንድ ገደማ።* ተወርዋሪ ኮከብ ነው። አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን፣ ጭራ ሊኖረው፣ መሬቱን ሊያበራ ይችላል። በታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ጀሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ስላለ ብዙ ይታያል፤ ሰማያችንም በዚያ ወቅት ጥርት ያለ ነው። «ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» ቢሏችሁ ለፍለጋ አትውጡ። የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገርም ታይቶ ይሆናል። ፍንዳታ ከተሰማ ብርሃኑ ከታየ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ ጠይቁ። ድምፅ 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 1 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እኩል የተሰማ ፍንዳታ የመጣው ከቅርብ ነገር ነው።

*ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ፣ እየነደደና እየተበታተነ።* ወደ ከባቢ አየር የተመለሰ የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ ሊሆን ይችላል። ከተወርዋሪ ኮከብ በጣም ይዘገያል፣ አግድም ይሄዳል፣ ቁርጥራጮቹ ይከታተላሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደዱ ያለፉ ነገሮች ብዙ ሰው አስደንግጠው ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም የጠፈር ስብርባሪ ወይም የሜትዮር ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር።

*ከ2 እስከ 6 ደቂቃ፣ ሳይብለጨለጭ እየሄደ።* ሳተላይት። ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

*ከ10 ደቂቃ በላይ፣ አንድ ቦታ ላይ።* ኮከብ ወይም ፕላኔት። ወደ ደረጃ 6።

ደረጃ 6፦ የዚያን ምሽት ሰማይ መልሱ

ስቴላሪየምን ክፈቱ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ አቅጣጫ። ከዚያ ምስክሩ ባለው ከፍታ ላይ ደማቅ ነገር መኖሩን እዩ።

መጀመሪያ ቬነስን ፈልጉ። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ናት፤ ግን በሌላ ወቅት በምሽት ትወጣለች፣ ብዙ ሰው ያንን አያውቅም። ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማትርቅ ሁልጊዜ ምሽት በምዕራብ፣ ንጋት ላይ በምሥራቅ ናት። እኩለ ሌሊት ላይ ቬነስን ኢትዮጵያ ውስጥ ማየት አይቻልም። ማንም «በእኩለ ሌሊት» ካላችሁ ከዝርዝሩ አውጧት።

ጁፒተርና ማርስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊታዩ ይችላሉ። ጁፒተርን በባይኖክዮላር ያየ ሰው ከአጠገቡ በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ያያል። «ትልቁና ልጆቹ» ያለኝ ሰው አለ። አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ናቸው።

«ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ቀለሙን ይለዋውጣል» ከተባለ ሲሪየስን እዩ። ከኮከቦች ሁሉ ደማቁ ነው። ወደ አድማስ ሲጠጋ ብርሃኑ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ቀለሙ በየቅጽበቱ ይሰባበራል። በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ ካኖፐስ የሚባለው ሌላ ደማቅ ኮከብ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በዚያው በጥር 2017 አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። የደቡቡን ዜና ሰምታ ፈርታለች። «ፀሐይ ከገባች ጀምሮ ቁጭ ብሎ ያየናል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከኮረብታው ጀርባ ወርዶ አረፈ» አለችኝ። «አክስቴ፣ ፀሐይ በገባችበት በኩል ነው?» አልኳት። «አዎ፣ በዚያው በኩል።» አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንት ጭብጥ ነበር? ሦስት። ስቴላሪየም ላይ አስገባሁት። ቬነስ በዚያው ቦታ፣ በሦስት ጭብጥ ከፍታ ተቀምጣለች። በዚያ ሳምንት ከፀሐይ በጣም የራቀችበት ጊዜ ስለነበር ፀሐይ ከገባች በኋላ ከሦስት ሰዓት በላይ ትቆይ ነበር።

«ወርዶ አረፈ» ያለችውም እውነት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኮከቦችና ፕላኔቶች ሲገቡ በጣም ሳያዘነብሉ ወደታች ይወርዳሉ። ከአዲስ አበባ ለሚያይ ሰው ቬነስ ወጨጫ ተራራ ላይ ያረፈች ሊመስለው ይችላል።

*ብርሃኑ «ይወዛወዝ ነበር» ከተባለ፦* ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለች ነጥብ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ነጥቧን ያንቀሳቅሳታል። ይህ ጤነኛ ሰው ላይ ሁሉ የሚደርስ ነው። ጭንቅላታችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ብርሃኑን ከጣሪያ ጠርዝ ወይም ከመብራት ምሰሶ ጋር አስተካክሉ። 4 ደቂቃ ጠብቁ። ኮከብ ከሆነ የሚንቀሳቀሰው 1 ዲግሪ፣ ማለትም የአንድ ትንሽ ጣት ያህል ብቻ ነው።

*«መኪናችንን ተከተለን» ከተባለ፦* ዛፍና ቤት ወደኋላ ሲሮጥ ሩቅ ያለው ነገር አብሮን የሚሄድ ይመስላል። ጨረቃ ልጅ ሆነን እንደምትከተለን ማለት ነው። ሲቆሙ ቆሞ እንደሆነ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የሚሄድ ከሆነ

ሄቨንስ አባቭ ላይ ቦታችሁን ሳታስገቡ ምንም አትፈልጉ፤ የሌላ አገር ሰማይ በሌላ አገር ሰዓት ያሳያችኋል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከምዕራብ በኩል ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ አይብለጨለጭም፣ ድምፅ የለውም። «መሃል ሰማይ ላይ ድንገት ጠፋ» የሚለው ምስክርነት እዚህ ላይ ይገጥማል። ጣቢያው የሚበራው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። ስለዚህ የሚታየው ከጨለመ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢና ከመንጋቱ በፊት ነው። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ከተባለ ጣቢያው አይደለም።

ብዙ መብራት እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ በአንድ መስመር ከሄደ ስታርሊንክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 60 ሳተላይቶች መወንጨፍ፣ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይህ ሰልፍ ዓለምን ሲያስደነግጥ ኖሯል። ሰልፉ የሚታየው ከተወነጨፉ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ ይራራቃሉ። የቅርብ ቀን ማስወንጨፍ መኖሩን አረጋግጡ።

ሰማያዊ ነጭ ጠመዝማዛ ቀስ ብሎ እየሰፋ ከታየ የሮኬት የላይኛው ክፍል የቀረ ነዳጁን እየተሽከረከረ ሲያስወጣ ነው። ኒውዚላንድ ላይ በ2022፣ አውሮፓ ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. እንዲህ ታይቷል።

ቀይና አረንጓዴ ብልጭታ ካለ አውሮፕላን ነው። ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ግን ለደቂቃዎች ቆሞ የሚደምቅ ነጭ መብራት ብቻ ይመስላል። ቦሌ ማረፊያ መስመር ሥር የምትኖሩ ይህን መጀመሪያ አጣሩ።

ደረጃ 8፦ ቪዲዮውን መጨረሻ ላይ ክፈቱ

ሆን ብዬ ነው ወደኋላ ያስቀመጥኩት። ቪዲዮ ከሁሉ በላይ ያሳስታል።

ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ አለዚያ ፎቶው የተነሳበት ሰዓት ከፋይሉ ይጠፋል። ከቲክቶክ የወረደ ከሆነ መጀመሪያ የለጠፈው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ጊዜ አታጥፉ።

ነጥቡ ዙም ሲደረግ ክብ ሳህን ወይም አልማዝ ከሆነ ቅርጹ የካሜራው ነው። ፎከስ የጠፋበት ሌንስ ማንኛውንም ነጥብ የራሱን ቀዳዳ ቅርጽ ያስይዘዋል። በመስኮት መስታወት በኩል የተነሳ ከሆነ የክፍሉን አምፖል ፈልጉ። ፎቶው ውስጥ የመንገድ መብራት ካለ ከመብራቱ በፎቶው መሃል አሳልፋችሁ መስመር አስምሩ። «ዩፎው» በሌላኛው ጫፍ፣ በእኩል ርቀት ላይ ከተገኘ የሌንስ ነጸብራቅ ነው።

ደረጃ 9፦ በማግስቱ ውጡ

የቆመ ብርሃን ከነበረ በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቁሙ። ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይደርሳል፤ ፕላኔትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እዚያው አጠገብ ታገኙታላችሁ። ምስክሩን አስከትሉ። አክስቴን በስልክ እያወራኋት ነው የወጣችው። «ይኸው መጣ» አለች፣ ቀጥሎ ዝም አለች። «ታዲያ እኔን ምን አስፈራኝ?» ብላ ጎረቤቶቿን ጠራቻቸው።

*ደመና ከሆነ፦* ለቬነስ ሳምንት ብትጠብቁም አታመልጣችሁም፤ በምሽት ወይም በንጋት ለወራት ትቆያለች። በክረምት የተነገረ ነገር ግን ሰማዩ እስኪገለጥ ሊዘገይ ስለሚችል ስቴላሪየም ላይ ተመኩ።

ምንም ካልገጠመስ?

መጀመሪያ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ አንድ ሰዓት ወደኋላ፣ ቀኑን አንድ ቀን ወደፊትና ወደኋላ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልገጠመ ምሥራቅና ምዕራብን አቀያይሩ። ፊኛ፣ ድሮንና የሩቅ ማማ መብራት ደግሞ አካባቢውን በሚያውቅ ሰው ይጣራሉ።

አሁንም ካልገጠመ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። ቬነስ ባልነበረችበት ምሽት «ቬነስ ናት» ማለት ዩፎ ከማለት አይሻልም። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በብሉ ቡክ ፕሮጀክት ሥር ከሰበሰባቸው 12,618 የዩፎ ሪፖርቶች 701ዱን ሳይለይ ነው የዘጋው። «አልታወቀም» ማለት መረጃው አልበቃም ማለት ነው፤ ከሌላ ዓለም መጣ ማለት አይደለም።

ወረቀቱን አትጣሉ። ከሌላ ከተማ ሁለተኛ ምስክር ሊመጣ ይችላል። ያኔ የሁለቱንም አቅጣጫ ካርታ ላይ አስምሩ። መስመሮቹ ተቆራርጠው ከተገናኙ ነገሩ ከዚያ ቦታ በላይ ነበር፤ ከፍታውንም ከዲግሪው ማስላት ትችላላችሁ። ጎን ለጎን ሄደው ካልተገናኙ በጣም ሩቅ ነው፤ ስቴላሪየምን እንደገና ክፈቱ።